የሽርጥ ኪስ ልክ

ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣
ቤት በማይከራይበት፣ አልጋ ካልሆነ በቀር፣
የውሃ ካርቶን ቀደን ወለሉ ላይ ዘረጋን፤
መጽሔት ልንነድፍ ነው፣ የሙዚቃ መጽሔት፣ ሦስት ሰው ሆነን።

ዘይኑ ሊሞዚን ነጂ ነው፣ ኮሌታው የማይጨማደድ፤
የሽፋኑን መልክ ጨርሶታል ገና ከኤርፖርት መንገድ፦
«የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ወርቅማ ፊደል ከላይ፣
አንድ ዘፋኝ በጥቁር መነጽር፣ ከኋላው ሕንጻና ሰማይ።
አንባቢው ወጣት ነው፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያለው፣
ገንዘብ ይዟል፣ ያወጣዋል፣ እሱን ይዘን መሮጥ ነው።»
ጻፍኩ። «አንባቢ፦ ወጣት።» ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፤
እርሳሴ ገና ሹል ነበር፣ ጥርጣሬ ያልደረሰበት።

እኔ ሰናኢያ ነኝ፣ ማተሚያ ቤት፣ ወረቀት ቆራጭ።
የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ፣ የሩዝ ዋጋ፣ የዶሮ ዋጋ፣
ቀን ሙሉ በምላጩ ሥር ያልፋል።
ከጠርዝ የሚወድቀውን ማንም አይቆጥረውም፤
የኬረላው ፎርማን «ውሰደው» ይላል፣ «ለምንም አይሆንም።»
ከአልጋዬ ሥር ሁለት ከረጢት ሙሉ አለኝ፣
ጠባብ ጠባብ፣ መዳፍ የሚያህል።
ለዘይኑ አላሳየሁትም። አፈርኩ መሰለኝ።

ሉባባ እስካሁን ዝም ናት።
በወር አንድ ዓርብ አላት፣ እሷም እስከ መግሪብ ድረስ።
«ማዳምሽ ሙዚቃ ትወዳለች?» አላት ዘይኑ፣ ነገር ለመጀመር ያህል።
«ስልኬን ማታ ትሰጠኛለች፣ ለግማሽ ሰዓት።
እሱም የእናቴ ነው። ከእናቴ በተረፈችኝ ደቂቃ
አንድ ዘፈን እከፍታለሁ፤ ሳያልቅ እጇን ትዘረጋለች።
ዘጠኝ ወሬ ነው። መጨረሻውን ሰምቼው አላውቅም።»

ኤሲው ጠብ ጠብ አለ። ዘይኑ ኮሌታውን ነካካ።

«እኔ ብሆን» አለች፣ «ግጥሙ ይጻፍልኝ እስከ ጫፍ፣
ከተቋረጠብኝ ተነስቼ በዓይኔ እስከ ዳር እንዳልፍ።
ፊደሉ ወፈር ይበል፤ የኔ መብራት የኮሪደር ናት፣
በበሩ ሥር የምትገባ፣ የክር ያህል ስፋት።
ወረቀቱም አይንኮሻኮሽ፤ እዚያ ቤት ግድግዳው ጆሮ አለው፤
ወርቅማውን ተዉት፤ ወርቅ ሲጠፋ የሚበረበር የኔ ሻንጣ ነው።»

«መጠኑስ?» አልኳት።
እጇን ወደ ወገቧ አወረደች፣ ዛሬ ሽርጡ ወደሌለበት፣
ኪሱ የሚውልበትን ቦታ በጣቶቿ ለካችበት።
ተነሳሁ። ከአልጋዬ ሥር ከረጢቱን ጎተትኩ፣
አንድ ቁራጭ መዝዤ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ።
ልክ ነው።
በአንድ ፊቱ ነጭ ነው፣ በሌላው ቀለም የሳተ ግማሽ ዶሮ፣
ዋጋው ከአንገቱ ጋር ተቆርጦ የቀረ።
«በነጩ በኩል እናትመዋለን» አልኩ።
ሳቀች። «ዶሮውን ሽፋን አድርጉት!
ማዳም ብታገኘው የገበያ ወረቀት ይመስላታል።»

ዘይኑ ወርቅማውን ፊደል ለመሰናበት ጊዜ ወሰደበት።
ከዚያ፣ «የቱ ዘፈን ነው ያላለቀልሽ?» አለ። ነገረችው።
ያውቀዋል። ትንፋሹን ሰበሰበ፣ አፉን ከፈተ፤
«ተው» አለች፣ «አትንገረኝ። በአንደኛው እትም አነበዋለሁ።»

መግሪብ ተቃረበ። ጫማዋን ቆማ አጠለቀች፤
ዘይኑ ሊያደርሳት ቁልፉን አነሳ።
እኔ ካርቶኑ ላይ «ወጣት» ያልኩትን ፋቅሁት፤
ሁለቱ መስመሮች ቀሩ፣ በላያቸው ምንም የሌለ።

ከኮሪደሩ የዘይኑ ፉጨት ይሰማኛል፣
ያንኑ ዘፈን፣ ቀስ ብሎ።
መጨረሻው ጋ ሲደርስ አቆመ።
ሊፍቱ ተዘጋ።